የእንሰት መፋቂያውን ማሽን ወደ አምራች የማድረስ ሥራ፦ የፈቃድ ስምምነት ሂደት ማስታወሻ

ይህ ማስታወሻ እንሰት በሚበቅልበት አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ በቴክኖሎጂ ሽግግር ክፍል ውስጥ የያዝኩትን አንድ ሥራ ይመለከታል። ሥራው በመካኒካል ምህንድስና ትምህርት ክፍል የተሠራ የእንሰት መፋቂያ ማሽን በፈቃድ ስምምነት አማካይነት ለሚያመርት ድርጅት እንዲተላለፍ ማድረግ ነው። ከድርጅቶቹ ጋር የምሥጢር መጠበቂያ ስምምነት ስላለን የማንንም ስም አልጠቅስም፤ የማሽኑንም ልኬቶች ሆን ብዬ ትቻቸዋለሁ። በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተመሳሳይ ኃላፊነት የያዙ ባልደረቦች የሚጠቀሙበት ነገር አይጠፋም በሚል በየጊዜው የጻፍኩትን እንዳለ አቀርባለሁ።

መስከረም 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዋናው ተመራማሪ የፈጠራ ማሳወቂያ ቅጹን ሞልተው ዛሬ አስረከቡኝ። ማሽኑ በሞተር የሚዞር ከበሮ፣ በከበሮው ዙሪያ የተበየዱ ቢላዎች እና ከከበሮው ፊት ለፊት የቆመ ጎባጣ ሰሌዳ አለው። ከእንሰቱ ግንድ አንድ በአንድ የተገነጠለው ሽፋን በከበሮውና በሰሌዳው መካከል ሲገባ ቢላዎቹ ለቆጮ የሚሆነውን ጠርገው ወደ ታች ያወርዱታል፤ ቃጫው በሠራተኛው እጅ ይቀራል። እስካሁን ይህን ሥራ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ሽፋኑን በተዘቀዘቀ ሳንቃ ላይ አጋድመው፣ ጫፉን በተረከዛቸው ረግጠው ይዘው፣ በቀርከሃ ፍላጭ ከላይ ወደ ታች ይፍቃሉ። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው።

ቅጹ በፈጣሪነት የሦስት መምህራን ስም ይዟል። ይህን ከመቀበሌ በፊት ማሽኑን ለማየት ወደ ወርክሾፑ ወረድኩ። ከሰሌዳው በስተኋላ ሁለት ሞላዎች ተገጥመዋል፤ ሽፋኑ ሲወፍር ሰሌዳው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ሲሳሳ ተመልሶ ይጠጋል። ይህ የማን ሐሳብ እንደሆነ ስጠይቅ ሁሉም ወደ ወርክሾፑ ቴክኒሻን ዞሩ። እሱ ራሱ «እኔ እንኳ ዝም ብዬ ሞክሬው ነው» አለኝ። ስሙ በቅጹ ላይ እንዲገባ ተስማምተናል። መምህራኑም በክፋት አልተዉትም፤ የምርምር ጽሑፍ ደራሲነትንና የፈጠራ ባለቤትነትን እንደ አንድ ነገር ማየት በየትምህርት ክፍሉ የተለመደ ስለሆነ ነው። ይሁንና ከፈጣሪዎቹ አንዱ የተዘለለበት ሰርተፊኬት በኋላ ክርክር ሊነሣበት ይችላል፤ የድርጅት ጠበቃ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። ደግሞም ፈቃዱን የሚወስደው ድርጅት ማሽኑ እንቢ ሲለው የሚደውለው ለመምህራኑ ሳይሆን ለዚህ ሰው እንደሚሆን ከወዲሁ መገመት ይቻላል።

መስከረም 29

ሁለት ቀን ኢስፔስኔትና ፓተንትስኮፕ በሚባሉት የፓተንት ሰነዶች መፈለጊያ ድረ ገጾች ፍለጋ ላይ ነበርኩ። ውጤቱ መምህራኑን የሚያስደስት አይደለም። በሜክሲኮ የዩካታን ልሳነ ምድር፣ ሄኔኬን ከሚባለው የሲሳል ዘመድ ቃጫ ለማውጣት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ላይ የዋለው ራስፓዶር የሚባል ማሽን የሚዞር ከበሮም፣ ደነዝ ቢላም፣ ትይዩ ሰሌዳም ነበረው። ከዚያ ወዲህ የተሻሻሉትን ብንቆጥር መጨረሻ የለውም። ስለዚህ «ከበሮ ያለው መፋቂያ» ብለን ብናመለክት መርማሪው በአንድ ገጽ ይመልስልናል።

የእኛ የሚባለው በሞላ የተደገፈው ሰሌዳ ነው። የእንሰት ሽፋን ከሥሩ ወፍራምና ውኃ ያዘለ፣ ወደ ጫፉ ደግሞ ስስ ስለሆነ፣ በአንድ ልክ የተገተረ ሰሌዳ ወይ ከታች ያንቃል ወይ ከላይ ሳይፍቅ ያሳልፋል። ይህን ችግር የፈታው ክፍል ብቻውን ተለይቶ እንዲመዘገብ ወስነናል፤ የምናመለክተውም ለፓተንት ሳይሆን ለአነስተኛ ፈጠራ በሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ነው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ፓተንት ለ15 ዓመት ይጸናል፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠም ለ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ግን ለ5 ዓመት የሚጸና ሆኖ፣ ለሌላ 5 ዓመት የሚታደሰው በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ነው።

ይህ የመጨረሻው ሐረግ በግቢያችን ውስጥ ትልቅ አጋዤ ነው። ሰርተፊኬቱን በመስታወት አስገብተን ግድግዳ ላይ ብንሰቅለው ሰዓቱ ያለ ሥራ ይቆጥርብናል። አምራች ፍለጋው ማመልከቻው እስኪጸድቅ ሊጠብቅ እንደማይገባ ለምክትል ፕሬዚዳንቱ የጻፍኩት ማስታወሻ ሙሉ በሙሉ በዚህ አንቀጽ ላይ የቆመ ነው።

ጥቅምት 12

የዩኒቨርሲቲው ዓመታዊ የምርምር ጉባኤ ሊካሄድ ነው፤ መምህራኑም የማሽኑን ሙሉ ንድፍ በፖስተር ለማቅረብ ተዘጋጅተዋል። ማመልከቻው ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ገብቶ የቀን ማኅተም እስኪያርፍበት ድረስ ፖስተሩ እንዳይለጠፍ ጠየቅኩ። ትንሽ ቅሬታ ተነሣ፤ ለደረጃ ዕድገት የሚቆጠረው ኅትመቱ እንጂ ሰርተፊኬቱ አይደለምና ቅሬታው ይገባኛል።

በስብሰባው ላይ ሁለት ታሪኮችን አነሣሁ። አንደኛው የስታንፎርዱ ስታንሊ ኮኸንና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮው ኸርበርት ቦየር ዘረ መልን ቆርጦ የመቀጠል ዘዴን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1973 በጽሑፍ ካወጡ በኋላ የሆነው ነው። የፓተንት ማመልከቻው የገባው ኅዳር 4 ቀን 1974፣ የአሜሪካ ሕግ ካሳተመ በኋላ ለሚያመለክት ፈጣሪ የሚሰጠው የ1 ዓመት ጊዜ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነበር። በአሜሪካ ለጥቂት ተረፈ፤ እንዲህ ያለ የእፎይታ ጊዜ በማይሰጡ አገሮች ግን መብቱ ከእጅ ወጥቶ ነበር።

ሁለተኛው የእኛው እንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ካዩ በኋላ ዕድሜያቸውን ለዚህ ምርምር ሰጡ፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ይሁንና እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቱቦ የሚዘጉትን «ዜብራ መስል» የሚባሉ ባለ ዛጎል እንስሳት እንደሚገድል በኦሃዮው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሲረጋገጥ፣ የፓተንቱ ባለቤት የሆነው ያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህን ያነሣሁት ለቁጭት አይደለም። እውቀቱ እዚህ ቢገኝም ባለቤትነቱን በወቅቱ አስመዝግቦ ገዢ የሚፈልግለት ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ስለነበር ነው።

ፖስተሩ የሥራውን ውጤት ብቻ ይዞ፣ የሰሌዳውን ንድፍ ሳይዝ እንዲቀርብ ተስማማን።

ኅዳር 9

ማመልከቻው ገብቷል። ዛሬ ማሽኑን ጭነን ከከተማ ወጣ ወዳለ የአንድ ገበሬ ቤት ወሰድነው፤ ወቅቱ የእንሰት መፋቂያ ስለሆነ የጎረቤት ሴቶችም ተሰብስበው ነበር። መምህራኑ የሚለኩት በሰዓት ስንት ኪሎ እንደተፋቀ ነው። እኔ የሄድኩት ሴቶቹ ምን እንደሚያዩ ለማየት ነው።

የቤቱ እመቤት ከማሽኑ የወጣውን ኪሎ ዞር ብለው አላዩትም። ቃጫውን አንስተው በሁለት እጃቸው ወጥረው ርዝመቱን ለኩ፣ ከዚያ በእጃቸው ካወጡት ጋር ጎን ለጎን አጋደሙት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ቆጮው የቤቱ ነው፤ ቃጫውን ገበያ ወስጄ የምሸጠው ግን እኔ ነኝ። ማሽናችሁ እሱን ከቆራረጠብኝ ምኑን ጠቀመኝ?» አሉኝ። ቀጥለው የተፋቀውን በመዳፋቸው ጨምቀው ቀለሙን አዩ። የእንሰት ጭማቂ ከተራ ብረት ጋር ሲነካካ ቆጮውን ያጠቁረዋል፤ የጠቆረ ቆጮ ደግሞ ገበያ ላይ ዋጋው ይወድቃል። ከበሮው ከተራ ላሜራ ስለተሠራ በአንዳንድ ቦታ ግራጫ መሰል ቀለም ጣል አድርጎበታል። ርዝመትም ቀለምም በምርምር ጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጠቀሱም።

ሌላው ያረጋገጥኩት ገበሬው ይህን ማሽን እንደማይገዛ ነው። አንድ ቤተሰብ በዓመት የሚቆርጠው እንሰት ጥቂት ስለሆነ ማሽኑ ከዓመት ዓመት ጥግ ላይ ይቀመጣል። የሚገዛው በየሰፈሩ እየዞረ የሚያከራይ ሰው ነው፤ ዛሬ የስንዴና የጤፍ መውቂያ የሚያከራዩት እና ወፍጮ ቤት ያላቸው ዓይነት ሰዎች። ይህ የዒላማ ዝርዝሬን ከሥሩ ይቀይረዋል፤ ለእነዚህ ሰዎች መውቂያና ወፍጮ የሚሸጠው አምራች ማን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ፤ ፈቃዱም መቅረብ ያለበት ለእሱ ነው።

ማሽኑ ከግቢ ግቢ የሚዞር ከሆነ የእንሰት አጠውልግ በሽታን ይዞ ሊዞር እንደሚችል የግብርና ባለሙያው አስታውሰውናል። በሽታው በተበከለ መሣሪያ ይተላለፋልና የአጸዳድ መመሪያ የፈቃዱ አካል እንዲሆን መዝግቤያለሁ።

ኅዳር 28

ለድርጅቶች የሚላከው ምሥጢር የሌለበት የአንድ ገጽ መግለጫ ተጠናቀቀ። መምህራኑ የላኩልኝ ረቂቅ ስለ ምግብ ዋስትናና ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚጀምር፣ እንሰት ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንደሚመግብ የሚገልጽ ጥሩ ጽሑፍ ነበር። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን የብረታ ብረት ቤት ባለቤት 20 ሚሊዮን ደንበኛ የለውም፤ ያሉት ባለፈው ዓመት መውቂያ የገዙትና ዘንድሮ ምን አዲስ ነገር እንዳለው የሚጠይቁት ናቸው።

ስለዚህ መግለጫው የሚጀምረው እንዲህ ሆነ፦ «የመውቂያ አከራዮች አዝመራው ካለቀ በኋላ ሊያከራዩት የሚችሉት፣ ቃጫውን ሳይቆርጥ እንሰት የሚፍቅ ማሽን።» ከዚያ ምን ዓይነት ሞተር እንደሚቀበል፣ ኩሽኔታው፣ ፑሌጃውና ቺንጊያው በማንኛውም የመለዋወጫ ሱቅ የሚገኙ መሆናቸው፣ ለመሥራት ቶርኖና ብየዳ ብቻ እንደሚበቃ ተጻፈ። የሥራው ደረጃም በግልጽ ሰፍሯል፤ አንድ ናሙና ማሽን እንዳለ፣ በመስክ እንደተሞከረ፣ ለብዙ ወራት ተከታታይ ሥራ ግን ገና እንዳልተፈተነ። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ማንሳት የፈለጉ ነበሩ። አልተስማማሁም፤ ባለሙያ የሆነ አምራች ማሽኑን ባየ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስለሚያውቀው እኛ ቀድመን ብንነግረው ቀሪውን ቃላችንን ያምነዋል።

በመግለጫው ላይ የሰሌዳው ንድፍም ሆነ የሞላው ነገር የለም። ከገጹ ጋር በቴሌግራም የሚላክ አጭር ቪዲዮ ተቀርጿል፤ ቪዲዮው ሽፋኑ ሲገባና ቃጫው ሲወጣ ያሳያል፣ የማሽኑ ጀርባ ግን አይታይም።

ታኅሣሥ 15

ኢሜይል ለላክሁላቸው ምላሽ የለም፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ስልክ፣ ቀጥሎ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ ከዚያም በአካል መሄድ፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ የግብርና መሣሪያዎች መገጣጠሚያ በአክብሮት ተቀብሎን፣ መንግሥት የግዢ ትእዛዝ ካላስቀደመ ወደ ምርት እንደማይገባ ነገረን። በር ዘግቶብናል አልልም፤ ግን በእሱ ላይ ጊዜ አላባክንም። አንድ የቆጮ ነጋዴ ደግሞ ለክትፎ ቤቶች የሚያቀርብ ሆኖ፣ ፈቃድ ምን እንደሚያደርግለት ጠየቀኝና ማሽኑን ግን ዛሬውኑ ሊገዛ ፈለገ። ፈቃድ ወሳጅ ባይሆንም ማሽኑ ከተመረተ እንደሚገዛ የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጽፍልኝ ጠየቅሁት፤ ጻፈልኝ። ያ ደብዳቤ ከምርምር ጽሑፉ ይልቅ በር ሲከፍት አይቻለሁ።

ጥር 17

የዛሬው ውሎ ረዘም ያለ ማስታወሻ ይገባዋል።

በአንዲት የደቡብ ከተማ መውቂያና ወፍጮ የሚያመርት ወርክሾፕ ያላቸው ሰው ቪዲዮውን አይተው ራሳቸው ደወሉ። የምሥጢር መጠበቂያ ስምምነቱን ከፈረሙ በኋላ ቴክኒሻናችንን ይዤ ሄድኩ። ዕድሜያቸው የገፋ ስለሆነ ጋሼ እያልኩ ነው የማነጋግራቸው። ገና ሻይ ሳይቀርብልን ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገቡ፦ «ወንድሜ፣ እውነቱን እንነጋገር። ይህን ማሽን አንዱን ገዝቼ ብፈታው በሳምንት ውስጥ አምሳያውን እሠራዋለሁ። ለምን ለዩኒቨርሲቲ እከፍላለሁ?»

ይህ ጥያቄ የሥራችን ሁሉ ጥያቄ ነው። በሕግ ሊያስጠይቅ እንደሚችል መናገር ይቻላል፤ ማመልከቻው ገብቷል፣ ሰርተፊኬቱ ሲወጣ መብቱ የእኛ ነው። ግን በየከተማው ያሉ ወርክሾፖችን አንድ በአንድ እየተከታተለ የሚከስ ዩኒቨርሲቲ እንደሌለ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ስለዚህ መልሱን ለቴክኒሻኑ ተውኩለት፤ አስቀድመን የተነጋገርንበት ነው። እሱም ያመጣነውን ከበሮ አስቀምጦ «ጋሼ፣ ቢላውን እስቲ ይዳስሱት» አላቸው።

በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱት። «ደንዟል፤ መሞረድ አለበት» አሉ።

«እንዲህ ነው መሆን ያለበት» አላቸው። ከዚያ ሌላ፣ በደንብ የተሞረደ ቢላ ያለው ከበሮ አወጣና ሁለቱንም በየተራ ገጥሞ፣ ከአንድ እንሰት የተገነጠሉ ሽፋኖችን አስገባ። የተሳለው ከበሮ ቃጫውን እየቆራረጠ ከቆጮው ጋር ደባለቀው። ደነዙ ግን ጠርጎ አወረደና ቃጫውን ሙሉውን ተወው። ባለቤቱ ዝም ብለው ሁለቱን ክምር በእጃቸው አመሳቀሉ። ማሽኑን ፈትቶ የሚገለብጥ ማንኛውም ሰው ቢላ ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው መሞረድ ነው፤ ያኔ ማሽኑ ሴቶቹ የማይፈልጉት ማሽን ይሆናል። የጠርዙ ክብነት ስንት እንደሆነ፣ ሞላው በምን ያህል ጥንካሬ እንደሚታሰር፣ ሰሌዳው ከከበሮው በስንት ርቀት መነሣት እንዳለበት በማሽኑ ላይ አይነበብም። እነዚህን የሚያውቀው ብዙ ሽፋን ያበላሸው ሰው ነው። እኛ የምንሸጠው ያን እውቀት ነው፤ ሰርተፊኬቱ ለእውቀቱ አጥር ነው እንጂ ራሱ ዕቃው አይደለም።

ጋሼ ከሰዓት በኋላ የጠየቁት ጥያቄ ሌላ ነበር፦ «ይህ ልጅ ለስንት ቀን ይመጣልኛል?»

የካቲት 6

በግቢ ውስጥ ክርክሩ ፈቃዱ ለአንድ ድርጅት ብቻ ይሰጥ ወይስ ለፈለገ ሁሉ የሚል ነው። ከመምህራኑ አንዱ የስታንፎርድን ምሳሌ አመጣ፤ ጥሩ ምሳሌ ነው። የስታንፎርድ የቴክኖሎጂ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ1970 በኒልስ ራይመርስ ከተቋቋመ በኋላ፣ የኮኸንና የቦየርን ፓተንት ለማንም ሳይለይ ለጠየቀ ሁሉ በመጠነኛ የመነሻ ክፍያ ሰጠ፤ ፓተንቱ በ1997 እስኪያበቃ ድረስ 468 ድርጅቶች ወስደውት ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል።

ነገር ግን ያ ዘዴ በየላቦራቶሪው ወዲያው የሚሠራ፣ ወሳጁ ለብቻው ገንዘብ አውጥቶ ገበያ ሊከፍትለት የማያስፈልግ መሣሪያ ነበር። የእኛን ማሽን የሚወስደው ሰው ግን ማሽኑን ለመሥራት ለሚያገለግሉ መያዣና ማስተካከያ ቅርጾች ገንዘብ ማውጣት፣ አከራዮችን ማሳመን፣ የመጀመሪያዎቹን ማሽኖች በኪሳራም ቢሆን ማውጣት አለበት። ገበያውን ከከፈተ በኋላ በሚቀጥለው ወር ጎረቤቱ በተመሳሳይ ዋጋ ፈቃዱን የሚያገኝ ከሆነ ማንም አይጀምረውም። በሌላ በኩል እንሰት ከጉራጌ እስከ ሲዳማ፣ ከሀዲያ እስከ ጋሞ የሚበቅል ስለሆነ አንድ ወርክሾፕ ሁሉንም ሊያዳርስ አይችልም። ያቀረብኩት ሐሳብ ብቸኛ ፈቃዱ በአካባቢ የተወሰነ፣ ለ2 ዓመት የሚቆይ እና በየዓመቱ ሊመረት የሚገባው አነስተኛ የማሽን ቁጥር ካልተሟላ ለሌሎችም ሊሰጥ ወደሚችል ተራ ፈቃድ የሚወርድ እንዲሆን ነው። አልፏል።

የካቲት 27

የቀለሙ ጉዳይ። ቆጮውን የሚነካው ክፍል ሁሉ ከማይዝግ ብረት እንዲሆን ጋሼ ዋጋ አሠሩ፤ ዋጋው በጣም ይንራል። ከበሮውና መውረጃው ብቻ ከማይዝግ ብረት፣ እግሩና አቃፊው ከተራ አንጎላሬ እንዲሆን ተስማማን። መምህራኑ አዲሱን ከበሮ በራሳቸው የምርምር በጀት ለመሥራት ወሰኑ።

መጋቢት 20

የስምምነቱን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘ ሰነድ ላክንላቸው። በጣም ያከራከረው የሮያሊቲው፣ ማለትም አምራቹ በፈጠራው ለመጠቀም የሚከፍለው ገንዘብ፣ አሰላል ነው። በመጽሐፍ የተለመደው ከሽያጭ ላይ በመቶኛ ማስላት ነው። ለዚያ ግን የሽያጭ ደረሰኞችን መመርመር ያስፈልጋል፤ በዚህ ዓይነት ሥራ ውስጥ የሒሳብ መዝገብ ለማየት የሚሄድ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ወዳጅነቱን በአንድ ጉብኝት ይጨርሰዋል። ስለዚህ በማሽን ቁጥር የሚከፈል የተቆረጠ ገንዘብ አቀረብን። እያንዳንዱ ማሽን የዩኒቨርሲቲው ስምና ተከታታይ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ይለጠፍበታል፤ አምራቹ ሰሌዳዎቹን ከእኛ ሲወስድ ይከፍላል። ይህ የቁጥር ሰሌዳ የሌለው ማሽን የእኛ አይደለም፣ የቴክኒሻናችንም ድጋፍ አይደርሰውም።

ጋሼ ይህን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ሰሌዳው ለእሳቸውም ማስታወቂያ እንደሚሆን ስለገባቸው ነው፤ «የዩኒቨርሲቲ ማሽን» ተብሎ መሸጥ በገበያ ውስጥ የራሱ ክብደት አለው። ይህ ክብደት ደግሞ ወደ እኛም ኃላፊነት ያመጣል። ሰሌዳው ያለበት ማሽን የሰው እጅ ቢጎዳ ስማችን አብሮ ይነሣልና፣ ከማስገቢያው አፍ ላይ የእጅ መከላከያ የሌለው ማሽን ሰሌዳ እንዳያገኝ የሚል አንቀጽ ጨምሬያለሁ።

የቅድሚያ ክፍያ አልጠየቅንም። የፋይናንስ ክፍሉ ይህን አልወደደውም። ባለኝ ግምት ግን በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ወርክሾፕ የሚኖረውን ጥሬ ገንዘብ በማይዝግ ብረት ላይ ቢያውለው ለእኛም ይሻላል።

ሚያዝያ 24

ሙሉ ፈቃዱ ከመፈረሙ በፊት ለ6 ወር የሚቆይ የአማራጭ መብት ስምምነት ተፈርሟል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለአካባቢው ሌላ አምራች አናነጋግርም፤ እሳቸውም ሁለት ማሽን ሠርተው በአከራዮች እጅ ያስፈትናሉ። የመጀመሪያው ማሽን ተሠርቶ አልቋል። ቴክኒሻናችን አብሯቸው ሰንብቶ ሲመለስ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ጋሼ ከከበሮው ፊት ያለውን ጎባጣ ሰሌዳ የሚያጠጋውንና የሚያርቀውን ቡሎን ያለ መፍቻ በእጅ እንዲዞር አድርገው ቀይረውታል፤ አከራዩ በየቤቱ መፍቻ ፍለጋ እንዳይንገላታ በማሰብ ነው። ከእኛ ንድፍ የተሻለ ነው።

ግንቦት 22

ያ ቡሎን ሙሉ የፈቃድ ስምምነቱን ለሳምንታት አቆየው። ረቂቁ በአምራቹ የሚደረግ ማንኛውም ማሻሻያ የዩኒቨርሲቲው እንደሚሆን ይል ነበር፤ ከሌላ ቦታ ከተወሰደ አርአያ ስምምነት የመጣ አንቀጽ ነው። ጋሼ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው መለሱት። የሕግ አገልግሎቱ አንቀጹ እንዲቆይ ይፈልጋል። እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ፤ የሚያሻሽለውን ሁሉ እንደሚነጠቅ የሚያውቅ ሰው አያሻሽልም፣ ቢያሻሽልም አይነግረንም። ዛሬ የተስማማንበት አንቀጽ ማሻሻያው የአምራቹ ሆኖ፣ ዩኒቨርሲቲው ለማስተማርና ለምርምር ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት፣ በሌላ አካባቢ ፈቃድ ለሚወስድ አምራች ሲሰጠው ደግሞ ከዚያ ክፍያ ለጋሼ እንዲያካፍል የሚል ነው። ከፈራሚዎቹ የምክትል ፕሬዚዳንቱ ፊርማ ብቻ ይቀራል፤ ነገ ጠዋት ከጽሕፈት ቤታቸው አወጣዋለሁ።

ቀሪ ሥራዎች፦ ቴክኒሻኑ በወርክሾፑ የሚያሠለጥንባቸው ቀናት አበል ጥያቄ ፋይናንስ ላይ ነው። የእጅ መከላከያው ንድፍ ለጋሼ ተልኳል። ደብዳቤ የጻፈልን የቆጮ ነጋዴ ሁለተኛውን ማሽን ለራሱ እንዲይዙለት ጠይቋል፤ ጋሼም ከአከራዮቹ ፈተና ሳይወጣ እንደማይሸጡ ነግረውታል። በጋሞ በኩል ፍላጎት ያሳየ ሌላ ወርክሾፕ ስላለ ለእሱ የሚላከው የአንድ ገጽ መግለጫ በአዲሱ ማሽን ፎቶ ይታደሳል።